የአትክልት ጥራትና የገዢው ምርጫ
(ስለ ቀይ ሽንኩርት የቀረበ አጭር ጥናት)

ስለ አትክልት እርሻ በተነሣ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ምርቱን የሚፈትነው ሚዛን ብቻ ሳይሆን የገዢው ዓይን፣ ጣትና ድስት ጭምር ነውና። ስለዚህ ቀይ ሽንኩርትን ምሳሌ አድርገን፣ ጥራት ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚያሰናክለው ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሀ) ገዢው የሚፈልገው ምንድን ነው?

በጉልት ፊት የቆመችን የቤት እመቤት እንመልከት። ሽንኩርቱን አንሥታ አንገቱን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ለስላሳ ከሆነ መልሳ ታስቀምጠዋለች። መንታውንና ያቆጠቆጠውን አትመርጥም። ይህን የምታደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። አንገቱ ያልደረቀ ሽንኩርት ብዙ ጊዜ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያው ከአንገቱ ነው፤ መንታውም ሲላጥ ብዙ ይባክናል። ለወጥ የሚፈለገው ደግሞ ውኃው ያነሰና የሚያቃጥለው ነው፤ ቁሌቱ የሚወፍረው በእርሱ ነው። የሐበሻ ሽንኩርት ትንሽና ለመላጥ አድካሚ ሲሆን ወዳጅ ያላጣው ስለዚህ ነው። በአንጻሩ ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ቶሎ የሚላጠውን ትልልቁን ይመርጣል። እንግዲህ «ለማን?» ተብሎ ካልተጠየቀ በቀር «ጥሩ ሽንኩርት» የሚባል ነገር የለም።

ለ) ጥራት የሚገኘው በማሳ ላይ ነው

ከተነቀለ በኋላ ጥራትን መጠበቅ ይቻላል እንጂ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ገበሬው አራት ነገሮችን ማሰብ አለበት።

1ኛ፤ ዘር። ከመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከወጡት መካከል አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ በሰፊው ይታወቃሉ፤ ቶሎ የሚደርሰው ቦምቤ ሬድ ነው። የተደባለቀ ዘር ግን ቀለሙም ቅርጹም የተለያየ ምርት ይሰጣል።

2ኛ፤ ርቀት። በመሥመሮች መካከል 20፣ በችግኞች መካከል 10 ሳንቲሜትር መተው የተለመደ ነው። ችግኙ ሲቀራረብ ራሱ ያንሳል፤ ሲራራቅ ይተልቃል። ገበሬው ገዢውን ካወቀ መጠኑን አስቀድሞ ሊወስን ይችላል ማለት ነው።

3ኛ፤ ውኃና ማዳበሪያ። ውኃው አንዴ ጎድሎ አንዴ ሲትረፈረፍ ራሱ ይሰነጠቃል፤ መንታም ይበዛል። ዩሪያ ዘግይቶ ሲሰጥ ቅጠሉ ይለመልማል፤ አንገቱ ግን ወፍሮ በጊዜው ሳይደርቅ ይቀራል። ሊነቀል ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው መስኖው መቋረጥ አለበት።

4ኛ፤ አነቃቀል። ከግማሽ የሚበልጠው ሽንኩርት ቅጠሉ ሲወድቅ ይነቀላል። ከዚያም አንገቱ ደርቆ እስኪዘጋ ድረስ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለብዙ ቀናት ይቆያል።

ሐ) ዋናው እንቅፋት

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ታዲያ እርጥብ ሽንኩርት ለምን ወደ ገበያ ይመጣል? መልሱ በሚዛኑ ላይ ነው። ለስሌት ያህል 100 ኪሎ ሽንኩርት ሲደርቅ 5 ኪሎ ይቀንሳል እንበል። የኪሎው ዋጋ 20 ብር ቢሆን እርጥቡ 2000 ብር ሲያወጣ፣ የደረቀው 95 ኪሎ 1900 ብር ብቻ ያወጣል። ነጋዴው ለሁለቱም አንድ ዋጋ ከሰጠ ገበሬው ስለ ድካሙ 100 ብር ተቀጣ ማለት ነው። የደከመበትን ዋጋ ትተን፣ ኪሣራው እንኳ እንዲሸፈን የደረቀው በኪሎ ከ21 ብር በላይ መሸጥ ይኖርበታል።

ውኃው ቢሸጥም ጉዳቱ አይቀርም። ሽንኩርቱ በነጋዴው መጋዘን ይበሰብሳል፤ የበሰበሰው ዋጋ በደኅናው ላይ ተጨምሮ እመቤቲቱ ትከፍላለች፤ ነጋዴውም ብስባሽ ፈርቶ በሚቀጥለው ጊዜ ለገበሬው የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል። በመጨረሻ ሦስቱም ይከስራሉ።

መ) ምን ይደረግ?

ምርቱ ገና ከማሳው ሳይወጣ በመጠኑና በድርቀቱ ተለይቶ ለየደረጃው የተለየ ዋጋ ሊቈረጥለት ይገባል። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ዋጋ ማስከበር ይቸግረዋል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው ብዙ ኩንታል አንድ ላይ ሲያቀርቡ ግን ነጋዴው ያዳምጣቸዋል።

ለእኛ ለተማሪዎችም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ነገ ወደ ገጠር ወርደን ገበሬውን «ሽንኩርትህን አድርቅ» ብለን ከመምከራችን በፊት፣ የጎደለውን 5 ኪሎ ማን እንደሚከፍለው ማወቅ አለብን። መልሱን ይዘን ካልሄድን ምክራችንን አክብሮ ይሰማል፤ ሽንኩርቱን ግን ከነውኃው ይሸጣል። ሊፈረድበትም አይገባም።