የእናትሽ ፎቶ የት ነው ያለው?

ውድ እህት፣ ከአገር ስትወጪ በሻንጣሽ የያዝሽው በርበሬና ሽሮ አልቋል፤ ልብሱም አርጅቷል። የቀረሽ ምናልባት አንድ የእናት ፎቶ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ የአንገት መስቀል ነው። የዛሬው ትምህርታችን እነዚህን ስለ መጠበቅ ነው። ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። መርዶ በስልክ የሰማች ሴት ግን ታውቀዋለች፦ ቀብር አልቆመችም፣ ለቅሶ ቤት አልተቀመጠችም፤ እያየች የምታለቅስበት ያ ፎቶ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በሟቾች ፎቶ የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ፊት ለፊት የተነሱ ትንንሽ ፎቶዎች ናቸው። ቤተሰብ በሳጥን ውስጥ ጠቅልሎ ባያቆያቸው ኖሮ የእነዚያን ወጣቶች መልክ ዛሬ ማን ያውቀው ነበር?

የኩዌት አየር ለፎቶ ጠላት ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሚትሪባ በተባለው ቦታ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። የቀለም ፎቶ በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል። ጥቁርና ነጭ የሆነው የድሮ ፎቶ የበለጠ ይጸናል፤ እርጥበት ግን እሱንም ያበላሸዋል። ብዙዎቻችሁ የምትተኙት ደግሞ ጣሪያ ላይ በተሠራ ክፍል ወይም ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። በክረምት ወራት አሠሪዎቹ ለዕረፍት ሲሄዱ ኤሲው ይጠፋል፤ ክፍሉም እንደ ምድጃ ይግላል። ስለዚህ ፎቶውን መስኮት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ አትለጥፊው። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለሽ በካርቶን መካከል አድርጊና ከመሬት ከፍ ባለ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ከግድግዳ ላይ ማየት ከፈለግሽ ኮፒ አሳትመሽ ስቀዪ። ላሚኔት የሚደረገውም ኮፒው ብቻ ይሁን፤ ዋናው አንዴ በፕላስቲክ ከታሸገ መልሶ አይወጣም።

ውኃ ከነካው አትደንግጪ። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብለሽ አለቅልቂው፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በጥላ አድርቂው። ካውያ አይንካው። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ከሆነ በኃይል አትላጪው፤ ከነመስታወቱ በስልክ አንሺው።

ከጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፊ። እስኪርቢቶ ወደ ፊት ይዘልቃል። «እማዬ» ብቻ ብለሽ አትተዪው፤ የሷን ስም ከነአባቷ፣ ቦታውን፣ ዓመተ ምህረቱን ጻፊ። በሁለት ዓመቷ ጥለሻት የመጣሽው ልጅ አንድ ቀን ያንን ታነባለች።

ነጠላው ወይም ጋቢው ሳይታጠብ አይቀመጥ፤ ላብና የምግብ ቅባት ብል ይጠራል። በደንብ ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ጠቅልይው። እርጥበት ይዞ ፌስታል ውስጥ ከገባ ይሻግታል። «እጥበት የእናቴን ጠረን ያጠፋብኛል» የምትል እህት አለች፤ እውነቷን ነው። እንዲህ ከሆነ ትንሽ ሻሽ ለብቻ ሳታጥቢ አስቀሪ፤ ሌላውን እጠቢ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ስልክ ነው። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ይወሰዳል፤ ቁጥር ሲቀየር ኢሞው አብሮ ይሄዳል። ፎቶ በዋትስአፕ ስትልኪ ጥራቱ ስለሚቀንስ «ዶክመንት» በሚለው በኩል ላኪ። አንዱ ኮፒ በስልክሽ፣ አንዱ በሜሞሪ ካርድ፣ አንዱ አገር ቤት ባለች እህትሽ ዘንድ ይሁን። የጎግል መግቢያሽንና የይለፍ ቃልሽን ከስልኩ ውጭ ጽፈሽ ያዢ። የድምፅ መልእክቶችንም እንዲሁ አስቀምጪ። እናትሽ በሕይወት ካለች ዛሬ ማታ ደውዪላትና አንቺ የተወለድሽበትን ቀን እንድታወራሽ አድርጊ፤ ቅጂው። መልክ ከፎቶ ይገኛል፤ ድምፅ ካልተቀዳ ግን ከየት ይመጣል?

(ራስሽን ስታነሺ ግን የአሠሪዎችሽ ልጆችና እንግዶች እንዳይገቡበት። ያለ ፈቃድ ሰውን ፎቶ ማንሳት በኩዌት ያስከስሳል።)

የኩዌት ሕግ ቁጥር 68/2015 አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል። ያም ሆኖ ፓስፖርታችሁ በማዳም ቁም ሳጥን የተቆለፈባችሁ አላችሁ። ፎቶሽ አብሮ እዚያ አይግባ። አንዳንዷ እህት ቤቱን የምትለቀው በድንገት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታነሣ ነው። ፎቶው፣ መስቀሉና ሜሞሪ ካርዱ በአንዲት ትንሽ ከረጢት ይሁኑ፤ ከረጢቷም በእጅሽ ቅርብ ትሁን። ዋናው ፎቶ ሌላ የሌለው ከሆነ ግን ወደ አገር ለምትመለስ የምታምኛት እህት ሰጥተሽ ለቤተሰብ ማድረሱ ይሻላል፤ አንቺ ጋ ኮፒው ይቅር።

ዓርብ ዕረፍት ያለሽ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችን አንድ ፎቶና አንድ እርሳስ ይዘሽ ነይ። በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ለሌሎቹ ትነግሪያለሽ፤ ከዚያ ከጀርባው እንጽፋለን። መጻፍ ለማትችል እህት አጠገቧ የተቀመጠችው ትጽፍላታለች።