አሮጌውን ቤት እናፍርሰው ወይስ እናድሰው?

የመስቀል በዓል አልፎ ዝናቡ ሲያበቃና መሬቱ ሲጠነክር፣ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ አገሮች የቤት ሥራ ወራት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም አሮጌው ቤት ፈርሶ አዲስ ይሠራ ወይስ ታድሶ ይስፋ የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያለውም ቤተሰብ ልጁን «አንተ ተምረሃልና ምን ትላለህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ያ ጥያቄ ለሚቀርብለት ወይም ለሚቀርብላት ተማሪ ነው።

የብዙዎቻችን መልስ ሳንመረምር የተዘጋጀ ነው፤ «አፍርሱትና በብሎኬት ሥሩት» እንላለን። ብሎኬት መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ መሠረቱንና ግድግዳውን ብቻ አቁሞ ያለቀበት ቤተሰብ፣ ከአሮጌው ቤት ወጥቶ አዲሱ ውስጥ ሳይገባ ክረምት ይደርስበታል። በሌላ በኩል ደግሞ አላፈርስም ያለው ቤተሰብ የቤቱን ፊት በሲሚንቶ አስለስኖና ቀለም አስቀብቶ «አደስኩ» ሲል፣ እናት ግን እንደ ቀድሞው በጪስ ውስጥ ትጋግራለች፤ ልጆችም በዚያው ጪስ ውስጥ ያጠናሉ። ሁለቱም መንገድ ቤተሰቡን ይጎዳል። ስለዚህ የእድሳት ሥራ ቅደም ተከተል ሊኖረው ይገባል፤ መጀመሪያ ውኃን ከቤቱ ማራቅ፣ ቀጥሎ ጪስን ማስወጣት፣ በመጨረሻም ክፍል መጨመር ነው።

ሀ. አሮጌ ቤት የምንለው ምንድን ነው?

ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ የመሳፍንትና የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ሆኖም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማይቱን ስላቃጠሏት፣ ዛሬ በከተማዋ የምናድሰው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የወላጆቻችን ወይም የአያቶቻችን እጅ ሥራ ነው። ይኸውም በባሕር ዛፍ፣ በጥድ ወይም በወይራ ቋሚ የቆመ፣ በማገር የታሰረ፣ በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ ሣር የነበረውን ክዳን ለቆርቆሮ የለቀቀ ቤት ነው።

ይህ ቤት የድኻ ቤት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአጠገቧ ያለው የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቃል። ቀጭን የብሎኬት ግድግዳ ይህን ያህል አያደርግም።

ለ. ምርመራ

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቤቱ መመርመር አለበት። የቋሚው እንጨት የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ እርጥበትና ድርቀት የሚፈራረቁት እዚያ ነውና። ስለዚህ ምርጊቱን ከሥር ጥቂት አንሥቶ እያንዳንዱን ቋሚ በቢላዋ መውጋት ነው። ቢላዋው ሳይቸገር የሚገባ ከሆነ እንጨቱ ሞቷል፤ አልገባም ካለ ደኅና ነው። የሞቱት ጥቂት ከሆኑ ጣሪያውን በድጋፍ አቁሞ አንድ በአንድ የበሰበሰውን እግር ቆርጦ በሥሩ የተጠረበ ድንጋይ ማስገባት ይቻላል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቋሚዎችን በአንድ ጊዜ መንካት ግን አደገኛ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቋሚዎች ከሞቱና ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ከዘመመ፣ ያን ጊዜ ማፍረሱ እውነተኛ ምክር ነው።

ሐ. ውኃ

የጭቃ ቤት ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። ይህንንም በሒሳብ እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። ጣሪያው 6 በ8 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 48 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ የሐምሌ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከጣሪያው 960 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 48 ጀሪካን ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለው በሁለቱ ጎን በየግድግዳው ሥር ሃያ አራት ሃያ አራት ጀሪካን ውኃ ደፋን ማለት ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የጣሪያውን ጠርዝ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ማስወጣት፤ አሸንዳ ሰቅሎ ውኃውን በበርሜል መቀበል፤ ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ መቆፈር፤ የግድግዳውን ሥር ከመሬት እስከ ግማሽ ሜትር በድንጋይ መገንባት ነው።

ስለ ልስን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ደረቅ እንደ ሆነ ይቀራል። ስለዚህ በጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ውስጡን እንጨት ያበሰብሳል። ፊቱ ሲያምር ሆዱ ይታመማል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ለዚህ ትምህርት ይሆነናል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለግቢው እድሳት ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ገብቶ ነበር፤ ይህ ለጥንቱ ግንብ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ ተመልሷል። ግንቡ የድንጋይ፣ የእኛ ቤት የጭቃ ቢሆንም፣ አሮጌ ግድግዳ መተንፈስ አለበት የሚለው ሕግ ግን አንድ ነው። ስለዚህ በደንብ በቦካ ጭቃና ጭድ ሁለት ጊዜ መርጎ፣ የመጀመሪያው ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛውን ደርቦ፣ ከላይ ኖራ መቀባት ይበቃል። ኖራ ዓይንን ያቃጥላልና የሚሠራው ሰው ይጠንቀቅ።

መ. ጪስ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከምድጃ በሚወጣ የቤት ውስጥ ጪስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ምድጃው አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው አዲስ ግንባታ ሳሎን ሳይሆን ማድቤት መሆን አለበት እንላለን። ማድቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ፣ ነፋስ በብዛት ከሚነፍስበት በተቃራኒ ወገን ይሠራ፤ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ሰፊ መውጫ ይተውለት። ክዳኑ ሣር ከሆነ የቆርቆሮ ጪስ ማውጫ በሣሩ ውስጥ ማሳለፍ እሳት ያስነሣል፤ አይደረግም።

እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ክርክር ማዳመጥ ይገባል። ጪስ ሣሩን ያደርቃል፣ ተባዩንም ያባርራል ይላሉ፤ እውነት ነው። ጪሱ የወጣለት የሣር ክዳን ፈጥኖ ይበሰብሳልና፣ ምድጃው ሲወጣ ክዳኑም አብሮ ቢለወጥ ይሻላል።

ቆርቆሮ ደግሞ የራሱ ዕዳ አለው። ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽ ከሥሩ እየረጋ ይንጠባጠባል፤ በረዶ ሲጥልም መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ከሥሩ ኮርኒስ ያሻዋል፤ ገንዘብ ያነሰውም አቡጀዲ ወጥሮ ይጀምር። ነገር ግን አንድ ፕላን ለሁሉ አገር አይሆንም። የነፋስ መውጫ ስም ራሱ ምክር ነው፤ እዚያ መስኮቱ ጠባብ፣ ጣሪያውም በደንብ የታሰረ ይሁን። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በወረታ ግን ሙቀትና የፎገራ ሜዳ ውኃ ስለሚያስቸግሩ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ መሠረቱም ከፍ ያለ ይሁን።

ሠ. ክፍል መጨመር

ልጆች ሲያድጉ የመኝታና የማጥኛ ስፍራ ያስፈልጋቸዋል። አዲሱ ክፍል ሲጨመር ሦስት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ አዲስ መሠረት በመጀመሪያው ክረምት ጥቂት ይሰምጣልና አዲሱን ግድግዳ ከአሮጌው ጋር አጣብቆ ማሰር አይገባም፤ የጣት ስፋት ክፍተት ትቶ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጭቃ መድፈን ነው። እስከዚያው ዝናብ እንዳይገባበት በቆርቆሮ ይሸፈን። ሁለተኛ፣ ሁለት ጣሪያዎች ወደ አንድ ስፍራ ውኃ እንዲያፈሱ አይደረግ፤ የአዲሱ ጣሪያ ከአሮጌው ጠርዝ ሥር ገብቶ ወደ ውጭ ያዘንብል። ሦስተኛ፣ በር ለመክፈት ምሰሶ ወይም ዋና ቋሚ አይቆረጥ፤ በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ማገር ብቻ ይቆረጥ። ለማጥኛው ክፍል የመስኮቱ ስፋት ከወለሉ ስፋት አንድ አሥረኛ ባያንስ መልካም ነው። ከብቶች በቤቱ ውስጥ የሚያድሩ ከሆነም ጋጣቸው አብሮ ይለይ። በከተማ ክልል ያለ ቤት ከመስፋቱ በፊት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ መሆኑ አይረሳ።

እንግዲህ ወገኖቻችን ቤት በደቦ የመሥራት ልማድ አላቸው፤ ጭቃውን የሚያቦካ፣ ማገሩን የሚያስር እጅ አይጠፋም። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። ተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ «አፍርሱት» ከማለቱ በፊት ቢላዋ ይዞ ቋሚዎቹን ይውጋ፤ በጣሪያው ላይ የሚወርደውን ውኃ ያስላ፤ ከሁሉም በፊት ምድጃው አጠገብ የምትውለውን እናቱን «ቤቱ ምን ጎደለው?» ብሎ ይጠይቅ። የምትመልስለት መልስ ብዙውን ጊዜ ከፕላኑ ሁሉ የተሻለ ፕላን ነው።