አንጓው ወልቋል? ኮዱን አትገምት!

ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ላይ አንድ ጎረምሳ ከማንጎ ዛፍ ወደቀ እንበል። ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ጤና ጣቢያ ገባ። የእጅ አንጓው አብጧል። ተረኛው አንተ ነህ።

ማስታገሻ ሰጠኸው። እጁን በስፕሊንት አሰርክለት። ራጅ እንዲነሳ ወደ ጋምቤላ ሪፈር ጻፍክለት። ጎበዝ! ካርዱ ላይስ ምን ጻፍክ?

«የእጅ ጉዳት» ብቻ?

ቆይ! ለውጥህ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ለጉዳቱ ትክክለኛውን የመለያ ኮድ ማግኘት የተሰጥኦ ጉዳይ አይደለም፤ የልማድ ጉዳይ ነው። ልማድ ደግሞ በእጅህ ነው። ወስን፣ ደጋግመው፣ ያንተ ይሆናል።

በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መለያ፣ በአይሲዲ-10፣ የእጅ አንጓ ውልቃት ኤስ 63.0 ነው። ወለምታ ከሆነ ኤስ 63.5። የራዲየስ አጥንት የታችኛው ጫፍ ከተሰበረ ኤስ 52.5። ሦስቱም ያብጣሉ፣ ሦስቱም ያማሉ፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። «የእጅ ጉዳት» ከሚል ጽሑፍ ማን ሊለያቸው ይችላል? ማንም!

ስለዚህ ጻፍ። ግራ ነው ቀኝ? ቆዳው ተከፍቷል? አንጓው ወደ ቦታው ተመልሷል? በምን ማደንዘዣ? ወጌሻ አይቶት ከሆነም ጻፍ። ልጁን ሳትቆጣ ጠይቀው፤ ከተቆጣኸው ይደብቅሃል።

አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚውና የመሃል ጣቱ ደንዝዘዋል? ይህቺን እንዳታልፋት! አንጓው ውስጥ ካሉት 8 ትናንሽ አጥንቶች አንዷ ሉኔት ትባላለች። ስትወልቅ ሚዲያን ነርቭን ልትጫን ትችላለች። ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ ደግሞ ልታመልጥ ትችላለች፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ከጎንም ይነሳ» በል።

የወረቀት ሥራ ብቻ መሰለህ? አሜሪካ ውስጥ በሜዲካል ቢሊንግ የሚሠሩ ወገኖቻችንን ጠይቅ። እዚያ ለተሰጠው ሕክምና ሲፒቲ የሚባል ሌላ ኮድ አለ። የአንጓው ውልቃት ያለ ቀዶ ሕክምና በእጅ ከተመለሰ 25660፤ የወለቀችው ሉኔት ከሆነች 25690። ሐኪሙ የአጥንቷን ስም ካልጻፈ ኮዱን የሚሞላው ባለሙያ ከየት ያመጣዋል?

በእኛም አገር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ እየሰፋ መጥቷል። መድኑ ባለበት ሁሉ ካርድህ ሌላ አንባቢ አለው። ኦዲተሩ ተቋሙ የጠየቀውን ክፍያ ከካርዱ ጋር ያመሳክራል። ያልጻፍከው ለእሱ አልተሠራም። የለፋህበትን ለምን ታስቀራለህ?

«ጊዜ የለኝም» ትላለህ? ይገባኛል። ኮሪደሩ ሙሉ ነው፤ ሙቀቱም የጋምቤላ ሙቀት ነው። ቢሆንም ለራስህ አንድ ሕግ አውጣ፦ ካርዱ ሳይሞላ ቀጣዩ በሽተኛ አይጠራም። ማታ እሞላዋለሁ አትበል፤ ማታ ግራና ቀኙ ይምታታብሃል። ከተጠራጠርክ «ውልቃት ተጠርጥሯል» ብለህ ጻፍ፣ የራጁ ውጤት ሲመጣ አረጋግጥ። የካርድ ክፍል ባለሙያዋንም የትኛው ጽሑፍህ እንደሚያስቸግራት ጠይቃት። ደስ እያላት ትነግርሃለች።

ሰኞን አትጠብቅ። ቀጥሎ በሚገባው ካርድ ጀምር። ትችላለህ!