የልጅ ቀለብና የአባት አቅም

ባልና ሚስት በፍርድ ሲለያዩ ትዳሩ ያበቃል፤ የልጃቸው ቀለብ ግን አያበቃም። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙዎች የማያውቁት፥ ዳኛ የቆረጠው ቀለብ ሊጨመርም ሊቀነስም የሚችል መሆኑን ነው። ባለማወቅ ምክንያት ዝም የሚለው አባት ዕዳው ሲከማችበት፥ ልጁ ደግሞ ሳይበላ ይውላል።

ቀለብ ማለት በሕግ አነጋገር እህል ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፥ ልብስን፥ ሕክምናንና ትምህርትን ይጨምራል። ልኩ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ደነገገ፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረቱን አልለወጠም። በክልላችን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

አባትየው ደመወዝተኛ የሆነ እንደሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከሢሶ አይበልጥም፤ 6,000 ብር የሚከፈለው ቢበዛ 2,000 ብር ይቆረጥበታል። ቀሪው በእጁ ይገባል።

እስቲ አሁን ወደ ደቅ እንሻገር። የደሴቲቱ ሰው የሚኖረው በእርሻና በዓሣ ነው፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም። ዳኛው «በየወሩ 1,500 ብር ክፈል» ብሎታል እንበል። በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ይከፍል ይሆናል። በክረምት ግን ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ርብ፥ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣል። (በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የራሱን የመጪ ዓመት ገቢ ያጠፋል፤ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት የጣና ነጭ ዓሣ እጅግ መመናመኑን አጥኚዎች አሳይተዋል። እንግዲህ የዚህ ሰው አቅም የቀነሰው በስንፍና ነውን? አይደለም። ይሁን እንጂ ፍርዱ ስለ ሐይቁ አያውቅም፤ ካልነገሩት ማን ይነግረዋል?

ሕጉ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ሲያመለክት ልኩ በማንኛውም ጊዜ እንዲሻሻል ይፈቅዳል። ማመልከቻ እስካልቀረበ ድረስ የቀድሞው ትእዛዝ የጸና ነው። እናትየውም ልጁ ሲያድግና ወጪው ሲበዛ እንዲጨመርላት በዚያው በር ትገባለች። ያጠመደውን ደብቆ «የለኝም» የሚለውን አባት አንደግፍም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 658 የሚቀጣው፥ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ቀለብ የከለከለውን ነው፤ እውነተኛ ድህነትን ከተንኰል የሚለየው ሚዛን እዚህ ላይ ነው።

እኛ እንደሚመስለን ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መስማማት ነው። ተጋቢዎቹ በስምምነት ሲፋቱ ስለ ልጅ ቀለብ የተስማሙትን ጽፈው ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል። ለደሴት ሰው በዚያ ጽሑፍ ላይ በመከር ጊዜ ይህን ያህል እህል፥ በጾም ወራት ይህን ያህል ብር፥ በክረምት ይህን ያህል ተብሎ ቢለይ ምን ይከለክላል?

ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ጓደኛችን ለጎረቤቱ ማመልከቻ ሊጽፍለት ይችላል። የቀድሞው ትእዛዝ ቀንና የመዝገብ ቁጥር፥ ያኔ የነበረው ገቢ፥ አሁን ያለው ገቢና ለውጡን የሚያውቁ ምስክሮች ስም ይጻፍበት። አባትየው ሊከፍል የሚችለውን ልክ ራሱ ይጥቀስ። ማመልከቻው እስኪታይ ድረስም የቻለውን ያህል እየከፈለ ደረሰኙን ይያዝ።