በሬ የሚያውቅ ሰው መኪና ሲገዛ

አባቴ ቢቸና ገበያ በሬ ሲገዙ አይቸኩሉም። አፉን አስከፍተው ጥርሱን ያያሉ፤ ቀንበር ያረፈበትን አንገት በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ባለቤቱ ትንሽ እንዲያስኬደው ያደርጉና ከኋላ ቆመው የኮቴውን አጣጣል ይመለከታሉ። ከዚያ «ለምን ትሸጠዋለህ?» ይላሉ። መልሱ ካልጣማቸው ዋጋ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ሁሉም ከተስማማቸው በመጨረሻ ዋስ ይጠራሉ።

እኚሁ ሰው በ2017 ዓ.ም. መኪና ለመግዛት ሲነሱ ግን፣ ስልክ ላይ ያዩት ፎቶና «ንጹሕ የሴት መኪና ናት» የሚል የደላላ ቃል በቅቷቸው ቀብድ ሊልኩ ነበር። «አባዬ፣ በሬ ቢሆን ሳታዩት ቀብድ ትሰጡ ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ወላጆቻችን መመርመር ያውቃሉ፤ መኪና ሲሆን ግን ዕውቀታቸው የማያገለግል እየመሰላቸው ለሌላው ይተዉታል። የልጅ እርዳታ ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ያንኑ የበሬ ዐይን ወደ መኪናው ማምጣት።

መኪና ከማየታችን በፊት ስለ መንገዱ ተነጋገርን። አባቴ ሞጣ ያገባችውን እህቴን መጠየቅ ይፈልጋሉ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ይመጣሉ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ነው። የቢቸና ጥቁር አፈር ለጤፍ የተባረከ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ጎማ ይውጣል፤ ስለዚህ ሆዷ ዝቅ ያለ መኪና ከዝርዝራችን ወጣች።

ከፍታውም ይታሰብበት። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ለከተማ ታገለግላለች፤ አራት ሰውና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭና ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ ግን ሞተሯ በጣም ይጨነቃል። በዚያ ከፍታ ውኃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ውኃው ፈልቶ ሲያልቅ ግን ቴስታታውን ያጣምማል። ስለዚህ ከ1,300 ሲሲ የማያንስ፣ ቢቸናም ሞጣም ላይ መካኒኩ እጁን የለመደበት ኮሮላ ወይም ያሪስ እንፈልግ ተባባልን።

ቀጥሎ ዕድሜ። በሬ በጥርሱ ይታወቃል፤ መኪና ላይ ግን ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ደላላው «የ2005 ሞዴል» ሲላቸው አባቴ በእኛ አቆጣጠር ሰምተውት የአሥራ ሁለት ዓመት መኪና መስላቸው ነበር። የመኪና ሞዴል በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ያቺ መኪና በእኛ በ1997 ወይም በ1998 የተሠራች፣ ሃያ ዓመት የሆናት ናት። ይህን ያስረዳኋቸው ዕለት ድርድራቸው ሁሉ ተለወጠ። የተናገሩትን ዓመት ከመኪናዋ አካል ጋር ማስተያየትም ይቻላል። የወንበር ቀበቶው ሥር ብዙ ጊዜ የተሠራበት ቀን የተጻፈበት ጨርቅ አለ። መስተዋቶቹ ጥግ ላይ ያለው ምልክት አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ያ መስተዋት ተቀይሯል፤ ለምን እንደተቀየረ ይጠየቅ። ጎማ ላይ በመጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ከተላጠ፣ ላስቲኩን እመኑ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቀለምም ደጋግሞ ይቀባል። ስለዚህ ማግኔት ይዘን ሄድን። ማግኔት ቆርቆሮ ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ አይጣበቅም ወይም ይላላል። አባቴ ግን ማግኔቱን ትተው በጣታቸው ጀርባ እያንኳኩ በድምፁ ለዩት፤ የአንዷ መኪና የኋላ በር ላይ ድምፁ ደፈነ፤ ማግኔቱም እዚያው ወደቀ።

መኪና የሚታየው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ነው። ሻጩ «ሞቅ አድርጌ እጠብቃችኋለሁ» ካለ በትሕትና እንዳይነካት ለምኑት፤ ስትደርሱም መጀመሪያ ኮፈኑን ዳስሱ። በብርድ የማይነሳ ሞተር፣ ሲነሳ የሚንኳኳ ሞተር፣ ከሞቀ በኋላ ጉዳቱን ይደብቃል። ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ሳይቀላቀሉ አልቀሩም። ሲነሳ ደግሞ አንዳችሁ ማርሚታው ጋ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል። ጥቁሩ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ነጩ በጠዋት ትንሽ ቢታይ ተራ ነገር ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ግን ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። መካኒኩ የእናንተ ይሁን፤ ደላላው የሚያመጣው መካኒክ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ የጠራው ደላላው ነው።

ስለ ቪትዝ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ናት፤ ጃፓን ግን በግራ ትነዳለች። ስለዚህ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ ቪትዞች እኛ ጋ የደረሱት መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። በጥሩ እጅ የተሠራ ይኖራል። ዳሽቦርዱ የሚንቀጠቀጥ፣ የዝናብ መጥረጊያው አሁንም ለቀኝ ሾፌር የሚጠርግ፣ መሪው በቀጥታ መንገድ ላይ ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ ግን እኔ ለወላጅ አልገዛም።

ከምርመራው በኋላ መኪኖቹን ነድተው የሞከሩት ራሳቸው አባቴ ናቸው፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። የግራ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ፍሪሲዮኗ የከበደች አንዲት ኮሮላ ሞተሯ ደኅና ሆኖ ሳለ የተውናት በዚህ ምክንያት ነው። እናቴም ነጠላዋን እንደለበሰች ገብታ እንድትወጣ ጠየቅናት። ልጆች መኪናውን በራሳችን ጉልበትና ወገብ ስለምንለካ ይህን እንረሳለን።

ዋስ የመጥራቱ ነገር በመኪና ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አሃዝ በአሃዝ ይነበብ። መኪናዋ ቀረጥ ነጻ ገብታ እንደሆነ ይጣራ፤ መብቱ ለሌለው ሰው ስትዞር ቀረጥ ይጠየቅባታል። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ከተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት ይረጋገጥ። ሻጭ «ስም ለማዞር ወጪ ነው፣ ውክልና ልስጣችሁ» ካለ እሺ እንዳትሉ፤ ውክልና ሰጪው የሞተ ቀን ውክልናው ያበቃል፣ መኪናዋም የወራሾቹ ጉዳይ ትሆናለች። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ነው። አባታችሁ መድኑ በስማቸው ሳይሆን አንድም ቀን አይንዱ።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት ያሪስ ተገኘች። አባቴ ሻጩን «ለምን ትሸጣታለህ?» አሉት። ቤት ሊያስጨርስ እንደሆነ ነገራቸውና የፍሬን ሸራው ማለቁንም ሳይጠየቅ ጨመረ። ዋጋ የጠየቁት ያኔ ነው።

ገዝተንም ወዲያው አልሄድንም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የቆየ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ይሰምጣል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ የፍሬን ዘይቱንም ሸራውንም አዲስ አበባ አስቀየርን፤ አዲስ የራዲያተር ክዳንም ገዛን። በማግሥቱ አባቴ በረሃውን በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየነኩ እየለቀቁ ወረዱት። ደጀን ላይ ወርደው የአራቱንም ጎማ ቸርኬ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ አለመጋሉን አይተው፣ በየትመን በኩል ወደ ቢቸና ነዱ።