ቤቱን የሚወድ ሹም



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በከተማም በገጠርም የታወቀ ነው። ይህን የሚናገር ሰው ራሱን ሌባ ነኝ አይልም። ስለ ምን መማለጃ ትቀበላለህ ቢሉት፥ ልጆች አሉኝ፥ ሚስት አለችኝ፥ ያረጀች እናት አለችኝ ብሎ ይመልሳል። እንዲህም ሲሆን እግዚአብሔር ራሱ በሰው ልብ የተከለው የቤተሰብ ፍቅር የዐመፅ መጋረጃ ሆኖ ይገኛል። ደግሞ መማለጃ የማይበላ ሌላ ሹም አለ፤ ነገር ግን በደካማ ሰው ላይ ክፉ ሥራ እንዲሠራ ሲታዘዝ እያዘነ ይፈጽመዋል። ስለ ምን ቢሉት እርሱም እንጀራዬ እንዳይቋረጥ፥ ልጆቼ እንዳይራቡ ብዬ ነው ይላል። እንግዲህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ ቤቱን የሚወድ ሹም ፍቅሩ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

1ኛ። ቤትን መውደድ መልካም ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 5፥ የራሱን ቤተ ሰዎች ችላ የሚል ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ እንደሚቈጠር ያስተምራል። ስለዚህ ማንም ሰው በእግዚአብሔር ሥራ አሳብቦ ልጆቹን ቢያስርብ ምስጋና የለውም።

በሐዋርያት ሥራ ውስጥም ስለ ሁለት የመንግሥት ሰዎች ተጽፎ እናገኛለን። በምዕራፍ 10 በቂሣርያ የነበረ ቆርኔሌዎስ የሚባል መቶ አለቃ አለ። እርሱ እግዚአብሔርን የሚፈራው ብቻውን አልነበረም፤ ቤቱ ሁሉ ከእርሱ ጋር ነበረ። ጴጥሮስ በመጣ ጊዜም ዘመዶቹንና ወዳጆቹን ሰብስቦ ቈየው። በምዕራፍ 16 ደግሞ በፊልጵስዩስ ከተማ የነበረው የወኅኒ ጠባቂ አለ። ይህ ሰው ጳውሎስንና ሲላስን በውስጠኛው ወኅኒ አስገብቶ እግራቸውን በግንድ አጣብቆ ነበር። በዚያችው ሌሊት ግን ባመነ ጊዜ ቍስላቸውን አጠበ፥ ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር ተጠመቀ፥ ወደ ቤቱም አግብቶ ማዕድ አቀረበላቸው።

አስተውል፤ የዚህ ሰው እጅ አንድ ነው። እግረ ሙቅ ያጠበቀው እጅ ቍስል አጠበ፤ ቍስል ያጠበውም እጅ በቤተ ሰዎቹ መካከል እንጀራ ቈረሰ። ሹም ሁሉ እንዲሁ ነው። በአደባባይ የሠራበትን እጅ ደጅ ጥሎት አይገባም፤ ማታ ልጁን የሚያቅፈው በዚያው እጅ ነው።

2ኛ። የአንድ ፖሊስ አለቃ ታሪክ።

ይህ ነገር በሐዋርያት ዘመን ብቻ የተደረገ እንዳይመስልህ ለዘመናችን የሚቀርበውን ስማ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በስዊስ አገር በራይን ወንዝ አጠገብ ሳንክት ጋለን የሚባል ካንቶን አለ። ካንቶን ማለት የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ፖሊስ ያለው አውራጃ ማለት ነው። በዚያ በ1891 ዓ.ም. ፓውል ግሩኒንገር ተወለደ። መምህርነት ተምሮ ሕፃናትን አስተማረ። በወጣትነቱ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበረ፤ የተጫወተለትም ማኅበር ብሩል በ1915 ዓ.ም. የአገሩን ውድድር አሸነፈ። በ1919 ዓ.ም. ወደ ፖሊስ ሥራ ገባ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የካንቶኑ ፖሊስ አለቃ ሆነ። ቤትና ትዳር ያለው፥ ደመወዙን ተቀብሎ በጸጥታ የሚኖር፥ ከአውራጃው ውጭ ስሙ እምብዛም የማይነሣ ሰው ነበረ።

በመጋቢት ወር 1938 ዓ.ም. የጀርመን ናዚዎች ጎረቤቲቱን ኦስትሪያን ያዙ። በዚያ የነበሩት አይሁድ ተደበደቡ፥ ተዋረዱ፥ ሀብታቸው ተዘረፈ። ብዙዎችም ሕፃናትን ይዘው ወደ ራይን ወንዝ ሸሹ። የስዊስ መንግሥት ግን በነሐሴ ወር የመግቢያ ፈቃድ በሌላቸው ላይ ወሰኑን ዘጋ፤ የመጡትም ወደ መጡበት እንዲመለሱ አዘዘ። ያን ትእዛዝ በዚያ ወሰን ከሚፈጽሙት አንዱ ፓውል ግሩኒንገር ነበረ።

እርሱ ግን እነዚያን ሰዎች ወደ ሞት ሊመልስ አልወደደም። ወሰኑ ከመዘጋቱ አስቀድሞ እንደ ገቡ አድርጎ የመግቢያቸውን ቀን በወረቀት ላይ ወደ ኋላ መልሶ አስጻፈ። ንብረታቸውን ሁሉ ጥለው ለመጡት ችግረኞች በራሱ ገንዘብ የክረምት ልብስ ገዛ። በዚህ መንገድ ብዙ መቶ ሰዎች ዳኑ፤ ቍጥሩን ከፍ የሚያደርጉትም እስከ 3600 ያደርሱታል።

ነገሩ ተሰውሮ አልቀረም። በ1939 ዓ.ም. ከሥራው ታገደ፤ ከዚያም ያለ ጡረታ ተሻረ። በ1940 ዓ.ም. መጨረሻ ፍርድ ቤት ሥልጣኑን አላግባብ ሠርቶበታል፥ ወረቀትም ለውጧል ብሎ 300 ፍራንክና የፍርድ ቤቱን ወጪ እንዲከፍል ፈረደበት። ሐሜተኞችም መማለጃ በልቶ ነው ብለው አወሩበት፤ ሆኖም ይህን የሚያስረዳ ነገር አልተገኘም።

3ኛ። ቤተሰቡ የከፈለው ዋጋ።

ወዳጄ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቈም ብለህ አስብ። ይህ ሰው ሲሻር ብቻውን አልተሻረም። የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ሆኖ ደመወዝም ጡረታም አጣ። ልጁ ሩት የጀመረችውን ትምህርት አቋርጣ ቤተሰቧን ለመርዳት ሥራ ፈለገች። እርሱም አንድ ጊዜ ዕቃ እየሸጠ፥ አንድ ጊዜ መኪና መንዳት እያስተማረ፥ አንድ ጊዜ መምህር በጐደለበት እየተተካ ኖረ፤ የጸና ሥራ ግን እስኪሞት ድረስ አላገኘም።

ታዲያ ይህ ሰው ቤቱን አልወደደም እንበልን? አንዳንዱ ሰው፥ የሰውን ልጅ አዳንሁ ብሎ የራሱን ልጅ ካስቸገረ ምን ይረባዋል ይል ይሆናል። ይህ ነገር ቀላል አይደለም፤ በችኰላም አይመለስም። ነገር ግን አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ እንጀራ፥ ሁለተኛው ስም። እንጀራ ያጣ ልጅ ሠርቶ ይበላል፤ ሩትም ሠርታ በላች። የሌላ ሰው ሕፃን ወደ ሞት ተመልሶ የተገኘ እንጀራ ግን ለበላው ልጅ ምን ይሆነዋል? አድጎ አባቴ ያን ጊዜ ምን ሠራ ብሎ የጠየቀ ቀን ይመረዋል።

ግሩኒንገር ራሱ በ1954 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር ሲጽፍ በተፈረደበት ፍርድ እንደማያፍር፥ ያን ሥራ ያሠራውም የክርስትና እምነቱ እንደ ሆነ፥ የራሱ ምቾት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መከራ ጋር ሲመዘን እጅግ ትንሽ እንደ ነበረ ተናገረ። በ1971 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም የሚባለው የመታሰቢያ ቤት ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ጻድቃን ጋር ቈጠረው። በማግሥቱ ዓመት በ1972 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ ዐረፈ። የካንቶኑ መንግሥት ክብሩን የመለሰለት በ1993 ዓ.ም. ነው፤ ፍርድ ቤቱም የቀድሞውን ፍርድ ሽሮ ንጹሕ ነው ያለው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ1998 ዓ.ም. ስለ ቀረበት ደመወዝና ጡረታ ለወራሾቹ ካሣ ተከፈለ። እነርሱም ገንዘቡን ለራሳቸው አላደረጉትም፤ በአባታቸው ስም ስለ ሰው ልጅ መብት የሚደክም ማኅበር አቆሙበት። እንግዲህ አባታቸው ያወረሳቸውን ከዚህ ዕወቅ። በችግር ያደገ ቤተሰብ ገንዘብ በእጁ በገባ ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው አባቱን ከልቡ ሲያከብር ነው።

4ኛ። ስለ ተለወጠው ወረቀት።

ምናልባት፥ ሐሰት መጻፍ ለክርስቲያን ይገባዋልን ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልካም ጠይቀሃል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 1 የዕብራውያን አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ የንጉሡን ትእዛዝ ትተው ወንዶቹን ሕፃናት በሕይወት አዳኑ፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። በፊተኛው መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 18 ደግሞ የአክዓብ የቤቱ አዛዥ አብድዩ መቶ ነቢያትን በሁለት ዋሻ ሸሽጎ እንደ መገበ እናነባለን። አብድዩ በክፉ ንጉሥ ቤት ታማኝ ሹም ነበረ፤ የእግዚአብሔርን ሰዎች ማስገደል ግን ከታማኝነቱ አልቈጠረውም።

ነገር ግን ተጠንቀቅ። ለራሱ ጥቅም ሐሰተኛ ወረቀት የሚጽፍ ሹም በእነዚህ ሰዎች ስም አይሸፈን። ልዩነቱ በሦስት ነገር ይታወቃል። ትርፉ ለማን ነው? ለጽሕፈቱ ባለቤት ከሆነ ሌብነት ነው። ጉዳቱ በማን ላይ ነው? በድኻው ላይ ከሆነ ግፍ ነው። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ቅጣቱን ማን ይሸከማል? በታናሹ ጸሐፊ ላይ የሚያላክክ ከሆነ ፈሪ ነው። ግሩኒንገር አልተረፈበትም፤ ድኻውን አልጎዳም፤ ቅጣቱንም ራሱ ተሸከመ።

5ኛ። እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንተ ምናልባት ቀድሞ በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ ይባል እንደ ነበረው የከተማ ጠባቂ ትሆን ይሆናል፤ ወይም ጸሐፊ፥ መምህር፥ ነጋዴ፥ ነገ የምትሾም ተማሪ ትሆናለህ። ለሁሉም ሰው የሚጠብቀው ደጅ አለው፤ በዚያም ደጅ የሰው ልጅ ቆሞ ይለምነዋል። ስለዚህ አራቱን ነገሮች በልብህ ያዝ።

ፊተኛው፥ ለልጅህ ከየት እንዳመጣኸው ልትነግረው የማትችለውን ነገር ወደ ማዕድህ አታቅርብ።

ሁለተኛው፥ የፈተና ቀን ሳይመጣ ከሚስትህና ከልጆችህ ጋር ተመካከር። እናት ሆይ፥ አንቺም ለባልሽ፥ በድኻ ዕንባ የተለወሰ እንጀራ አንበላም ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ብዙ ሹም በአደባባይ የሚሸነፈው ቤቱ ምን እንደሚል ባለማወቁ ነው።

ሦስተኛው፥ የማታውቀው ልጅ በደጅህ በቆመ ጊዜ የራስህን ልጅ ፊት አስብ። የልጅ ፍቅር የተሰጠህ የሌላውን አባትና የሌላዋን እናት ልብ እንድታውቅበት ነው። የገዛ ልጁን ስሞ የሰውን ልጅ የሚገፋ ሰው ከፍቅር ያወቀው እኩሌታውን ነው።

አራተኛው፥ ስለ ጽድቅ ከሹመቱ የወደቀውን ሰው ቤት አትራቅ። በሹመቱ ጊዜ ደጅ የሚጠናው ሰው ብዙ ነው፤ በተሻረ ማግሥት ግን መንገዱን ለውጦ ያልፋል። ለግሩኒንገር እውነት እስኪፈረድለት ድረስ ከሞተ በኋላ እንኳ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ያን ሁሉ ዘመን በጎረቤቱ ዘንድ እንደ ወንጀለኛ ተቈጥሮ ኖረ። እንግዲህ በማኅበራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ቢኖር የልጆቹ ትምህርት እንዳይቋረጥ አዋጡ፥ ለአባትየውም ሥራ ፈልጉ፥ በአደባባይም ሰላምታ ስጡት። ቅን ሹም እንዲበዛ ብንወድ ቅንነቱ ያደኸየውን ሰው ብቻውን አንተወው።

ወዳጄ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባና ልጅህ ሊቀበልህ ሲሮጥ እጅህን ተመልከት። ቀኑን ሙሉ የሠራኸውን እግዚአብሔር አይቷል። የጐደለ ነገር ቢኖር ከእርሱ ፊት አትሽሽ፤ የፊልጵስዩሱን ጠባቂ በአንዲት ሌሊት የለወጠ ጌታ አንተንም ሊለውጥ ይችላል። እንዲህም ብለህ ለምን፤ ጌታ ሆይ፥ ቤቴን በእውነት እንድወድ አስተምረኝ፤ በደጄ የቆመውንም እንደ ልጄ እንዳየው ዐይኔን ክፈትልኝ፤ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ፤ አሜን።