ሽቅቡና ቁልቁለቱ፦ ከአጥንት ስብራት በኋላ በቦንጋ ወደ ብስክሌት ጉዞ መመለስ

መግቢያ

የተሰበረው አጥንት መግጠሙ በራጅ ታይቶ ጄሶው ከተፈታ በኋላ ታካሚው ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ወደ ሥራው በምን እንደሚመላለስ ነው። በባጃጅ ወይም በእግሩ ለሚሄድ ሰው መልሱ ብዙም አያስቸግርም። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መሥሪያ ቤት በብስክሌት ሲመላለስ ለኖረ ሰው ግን ውሳኔው በሁለት አደጋዎች መካከል የሚወድቅ ነው። ቀድሞ ከተመለሰ በቅጡ ያልጠነከረው አጥንት ዳግመኛ ሊሰበር ይችላል። ከዘገየ ደግሞ ጡንቻው እየሟሸሸ ይሄዳል፣ የትራንስፖርት ወጪው በየዕለቱ ይከማቻል፣ ፍርሃቱም ሥር ይሰድዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመመለሻው ጊዜ በምን ሊለካ እንደሚገባ በቦንጋ ከተማ መልክዐ ምድር ላይ ተመሥርቶ መመርመር ነው። መከራከሪያውም እንደሚከተለው ነው፦ ኮረብታማና ዝናባማ በሆነ ከተማ ወሳኙ ፈተና ሽቅብ ለመውጣት የሚያስፈልገው የእግር ብርታት ሳይሆን ቁልቁል ለመውረድ የሚያስፈልገው የእጅ ብቃት ነው።

የቦታው ሁኔታ

የካፋ ዞን ዋና ከተማና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ የሆነችው ቦንጋ በላይኛው የባርታ ሸለቆ በሚገኝ ኮረብታ ላይ የተመሠረተች ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። አካባቢው በኢትዮጵያ እጅግ ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ብስክሌት በባሕር ዳርና በሐዋሳ የከተማው መለያ እስኪመስል ድረስ የተለመደው መሬቱ ሜዳማ በመሆኑም ጭምር ነው። በቦንጋ እንዲህ ያለ ምቾት የለም። ብስክሌተኛው ከቤቱ እስከ ሥራው ድረስ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ሲመለስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ድረስ እንዲያገለግል የወጣው ብሔራዊ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ የእግረኛና የብስክሌት ጉዞን ማስፋፋትን ግብ አድርጓል። ትኩረቱ በመንገዱና በመሠረተ ልማቱ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ ወድቆ የተነሣው ሰው እንዴት ይመለስ የሚለው ጥያቄ የሕክምናው ድርሻ ነው።

«ገጠመ» እና «በረታ»

አማርኛ እዚህ ላይ ጠቃሚ ልዩነት ያስቀምጣል። ስለ አጥንቱ «ገጠመ» ይባላል፤ ስለ ሰውየው ግን «በረታ» ይባላል። አጥንቱ የገጠመለት ሰው ሁሉ አልበረታም። ሕክምናው በተግባር የሚዘጋው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቃል ነው። ራጁ ይታያል፣ ጄሶው ይፈታል፣ ታካሚው ይሰናበታል።

ወደ ወጌሻ የሄደውም ታካሚ ከዚህ ክፍተት አያመልጥም። ወጌሻ በኢትዮጵያ ገጠርና አነስተኛ ከተሞች እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ስብራት መጀመሪያ የሚደርስበት ባለሙያ ነው። በእንጨት ወይም በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እግር ወይም እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ እንደሚችል በሕክምናው ዘንድ በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና ይህን ጉዳት እንደቀነሰ አሳይቷል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ በወጌሻውም ሆነ በሆስፒታሉ ዘንድ የሕክምናው ፍጻሜ ማሰሪያው የተፈታበት ዕለት ሆኖ ይቆጠራል።

በዚያ ዕለት ጡንቻው የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በኔዘርላንድስ በተደረገ ጥናት አንድ እግራቸው በጄሶ የታሰረ ጤነኛ ወጣት ወንዶች በ14 ቀናት ውስጥ ከፊት ጭናቸው ጡንቻ ስፋት 8 በመቶ ገደማ፣ ከኃይሉ ደግሞ 23 በመቶ ገደማ አጥተዋል። ኃይሉ ከስፋቱ ይልቅ ፈጥኖ መውረዱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በዐይን ብዙም ያልከሳ የሚመስል እግር ጉልበቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ስብራት አልነበረባቸውም፤ የታሰሩትም ለ2 ሳምንታት ብቻ ነበር። የቅልጥም ስብራት ግን ብዙ ጊዜ ለወራት ያስጠብቃል።

ሽቅቡ

ሽቅብ አስፈሪ መስሎ ቢታይም በስሌት ሲመረመር ከሚገመተው ያነሰ ነው። ሰውየውና ብስክሌቱ በድምሩ 85 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፣ መንገዱም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ይላል ተብሎ ቢታሰብ፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት 120 ዋት ገደማ ነው። በጀርመን፣ የኃይል መለኪያ በተገጠመለት ሰው ሠራሽ የጉልበት መገጣጠሚያ አማካይነት በተደረገ ምርመራ፣ በ60 ዋት ፔዳል ሲመታ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ጫና የሰውነት ክብደት 1.2 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በሜዳ ላይ ሲራመዱ ይኸው ጫና 2.5 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። እንዲራመድ የተፈቀደለት ሰው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ በዝግታ ሽቅብ ቢወጣ ጉልበቱን ከእግር ጉዞ የበለጠ የሚጫነው አይመስልም።

ይህ ግን የሚሠራው ቀላል ማርሽ ላለው ብስክሌት ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት በዚያ ፍጥነት ሲወጣ ፔዳሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚዞር እያንዳንዱ ርግጫ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ጋላቢውም ከኮርቻው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ መርገጥ ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ያለ ብስክሌት ያለው ታካሚ ቢገፋው ይሻላል።

ሌላው ጥንቃቄ የኮርቻው ከፍታ ነው። ፔዳሉ ላይ ሲደርስ ጉልበት እስከ 110 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። ያን ያህል የማይታጠፍ ጉልበት ያለው ሰው ኮርቻውን ከፍ እንዲያደርግ ይመከራል። ምክሩ ለሜዳ ትክክል ነው፤ በተዳፋት ላይ ግን የተነሣ ኮርቻ ሲቆሙ እግርን ከመሬት ያርቃል፣ ያልጠና ቁርጭምጭሚትም በድንገት ሙሉ ክብደት እንዲሸከም ያደርጋል። ስለዚህ በቦንጋ ጉልበቱ በቂ እስኪታጠፍ መጠበቅ ኮርቻ ከማንሣት ይመረጣል።

ቁልቁለቱ

ያው 85 ኪሎ ግራም የ60 ሜትር ከፍታ ልዩነት ባለው መንገድ ቢወርድ 50,000 ጁል የሚደርስ ኃይል መወገድ አለበት። በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ይህንኑ ብስክሌት ለማቆም የሚወገደው ኃይል 1,300 ጁል ገደማ ነው። አንዱ ቁልቁለት በሜዳ ከሚደረግ 38 ጊዜ ማቆም ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። በዝግታ ለሚወርድ ሰው አየርና የጎማ ሰበቃ የሚያግዙት በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ደግሞ በጣቶች ጭብጥ የሚሠራ ነው። ያ መንገድ በ8 በመቶ ተዳፋት 750 ሜትር ይረዝማል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲወረድ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ሜዳ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች የሚጨበጠው ፍሬን እዚህ ሳይለቀቅ 3 ደቂቃ ይያዛል።

ከብስክሌት ሲወድቁ እጅን ዘርግቶ መሬትን መቀበል የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ስለሆነም ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በእጅ አንጓ ወይም በአንገት ሥር ባለው የትከሻ አጥንት ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ታካሚ እግሩ ጤነኛ ስለሆነ «ብስክሌት የሚነዳው በእግር ነው» ብሎ ቶሎ ይመለሳል። ቁልቁለት ላይ ግን የሰውነቱ ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ አንጓው ወደ ኋላ ታጥፎ ይሸከማል፣ የኮብልስቶኑ ንቅናቄም በመሪው በኩል ወደ ተጎዳው አጥንት ያልፋል። የጭብጥ ኃይል ከአንጓ ስብራት በኋላ ወደ ነበረበት ለመመለስ ወራትን ይወስዳል።

የመኪና አሽከርካሪዎች ጥናት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አካሄድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ምርመራ የቁርጭምጭሚት ስብራታቸው በቀዶ ሕክምና የተስተካከለላቸው ሰዎች ፍሬን የመርገጫ ጊዜያቸው ወደ ጤነኛ ሰው ልክ የተመለሰው በ9 ሳምንታት መሆኑን አሳይቷል። የተለካው የመንዳት ችሎታ ሳይሆን የማቆም ችሎታ ነበር። ለብስክሌተኛውም ተመሳሳይ መለኪያ ያስፈልጋል። የጭብጥ መለኪያ ባለበት ሆስፒታል የተጎዳውን እጅ ከጤነኛው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መሣሪያው በሌለበት ደግሞ ታካሚው ከብስክሌቱ አጠገብ ቆሞ የፍሬኑን እጀታ በተጎዳው እጁ 3 ደቂቃ ያለ ሕመም ጨብጦ መቆየት መቻሉን ማየት ይቻላል። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ገና በጥናት ሊፈተን የሚገባው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ከልማድ ጋር ይጋጫል። ብስክሌተኛ ሽቅቡን እየገፋ ቁልቁለቱን ይንሸራተታል። ከጉዳት የሚመለስ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል ማርሽ ካለው ሽቅቡን ቢጋልብ፣ ቁልቁለቱን ደግሞ ወርዶ ብስክሌቱን ይዞ ቢራመድ ይሻለዋል።

ፍርሃቱ

እ.ኤ.አ. በ1990 ኮሪና ባልደረቦቹ የእንቅስቃሴ ፍርሃትን ራሱን የቻለ የሕክምና ጉዳይ አድርገው ሰይመውታል። ይህን ፍርሃት ለመለካት ታምፓ በተባለው መመዘኛ 17 ዓረፍተ ነገሮች ይቀርባሉ። መመዘኛው ፍርሃቱን ማገገምን የሚያዘገይ እንቅፋት አድርጎ ያያል፤ ጀርባውን አሞት ጎንበስ ማለትን ለሚፈራ ሰው ይህ አመለካከት ተገቢ ነው። እርጥብ ቁልቁለት ላይ ወድቆ አንጓው የተሰበረበት ሰው ያንኑ ቁልቁለት ሲፈራ ግን ፍርሃቱ በከፊል ትክክለኛ ግምት ነው። ባለሙያው ሁለቱን መለየት ይኖርበታል። ሰውየው ሜዳውንም ሽቅቡንም የሚፈራ ከሆነ እርዳታ ያሻዋል። ቁልቁለቱን ብቻ የሚፈራ ከሆነ ግን አስቀድሞ ጭብጡንና ፍሬኑን መመርመር ይገባል። የተዘናጋ የፍሬን ገመድና ያለቀ ላስቲክ በብርታት ማነስ የሚመስል ፍርሃት ያሳድራሉ።

ወቅቱ

በቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ውኃው ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ደካማ ነው። የሚፈለገው ጭብጥ ያን ጊዜ ይጨምራል፤ ቀዩ ጭቃም ጎማውን ያንሸራትታል። ስለሆነም በቦንጋ የሚሰጥ የመመለሻ ቀጠሮ የሳምንታት ቁጥር ብቻ ሊሆን አይችልም። ጄሶው በታኅሣሥ የተፈታለት ሰው የሚጠብቀው ደረቅ መንገድ ነው፤ ከ6 ሳምንታት የእጅ ልምምድ በኋላ ቁልቁለቱን በደረቅ ቀን ሊሞክር ይችላል። በሰኔ የተፈታለት ሰው ደግሞ 6 ሳምንቱ ሲያልቅ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ይደርሳል። ለእርሱ ሽቅቡ ሊፈቀድ ቢችልም፣ ቁልቁለቱን በእግሩ እየወረደ ጥቅምት አልፎ መሬቱ እስኪደርቅ ድረስ መቆየቱ ይመረጣል።